ቫኗ ስለምታሰማው ድምፅ፣ ስለ ዋስትናዋ እና ስለ ወይዘሮ አበዛሽ

የሰሜን አውሮራ ጎረቤታሞች መረዳጃ ማኅበር
የቫን ንዑስ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ መጋቢት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ማርች 17 ቀን 2007።

ቦታ፦ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ሰብሳቢው በሚኖሩበት አፓርትመንት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋር በር የሚጋራው አዳራሽ።

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦

አቶ ፍስሃጽዮን፣ ሰብሳቢ። አስመራ ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ አሁን በዴንቨር አየር ማረፊያ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ።
አቶ መልከጼዴቅ፣ የግዢ ኃላፊ። ቫኗን መርጠው፣ ተከራክረው፣ የዋስትናውን ውል ፈርመው ያመጡ።
አቶ ሓየሎም፣ የቫኗ በጎ ፈቃደኛ ሾፌር። ዳውንታውን በሚባለው መሃል ከተማ ካለው የፓርኪንግ ሥራቸው በቀጥታ ስለመጡ ዘግይተው የገቡ።
ወይዘሮ ፅዮን፣ አባል። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ፤ እንግሊዝኛቸው ከሁላችንም ስለሚሻል ለስልክ ጉዳይ የተመደቡ።
ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ጸሐፊ። ይህን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያልተገኙ፦ አንድ አባል ወደ ሲያትል በመዛወራቸው፣ አንድ አባል ከአቶ መልከጼዴቅ ጋር ባለመነጋገራቸው።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

ሰብሳቢው ሲቆጥሩ ከሰባቱ አባላት የተገኙት አራት ብቻ ሆኑ፤ ደንቡ አምስት ይጠይቃል። አቶ ሓየሎም ገና አልደረሱም ነበር። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው በማጠቢያው ክፍል በር አጠገብ የተቀመጡትን ወይዘሮ አበዛሽን አይተው አምስተኛ ብለው ቆጠሩ። ወይዘሮ አበዛሽ የሰፈራቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን በመበላሸቱ ወይዘሮ ፅዮን በራሳቸው መኪና ይዘዋቸው መጥተው፣ ልብሳቸው እስኪደርቅ የሚጠብቁ እናት ናቸው።

አቶ መልከጼዴቅ ተቃውመዋል። ወይዘሮ አበዛሽ የቫኗ ተሳፋሪ እንጂ የኮሚቴው አባል እንዳልሆኑ፣ ተሳፋሪ አባል ከሆነ ነገ ጎማውም አባል ልሁን እንደሚል አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ወይዘሮ አበዛሽ ለምልዓተ ጉባኤ እንዲቆጠሩ፣ ነገር ግን ድምፅም ሆነ አስተያየት እንዳይሰጡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ወይዘሮ አበዛሽ «እሺ ልጆቼ» ብለዋል። ይህም አስተያየት ስለሆነ እንዳይመዘገብ አቶ መልከጼዴቅ አሳስበዋል።

ወዲያው አቶ ሓየሎም ገቡ፤ ምልዓተ ጉባኤውም ያለ ወይዘሮ አበዛሽ ሞላ። ውሳኔው ግን አንዴ ስለተመዘገበ እንዲጸና ተደርጓል።

አጀንዳ አንድ፦ የድምፁ ስያሜ

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ማኅበሩ ባለፈው መኸር መኪና መንዳት የማይችሉ አባቶችና እናቶችን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ የምታመላልስ አንዲት ያገለገለች ነጭ ቫን ገዝቷል። ከገና ወዲህ ቫኗ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ላይ ስትወጣ ከፊት በቀኝ በኩል ድምፅ ታሰማለች። ዋራንቲ የሚባለው ዋስትና ያላት በመሆኑ ለዋስትና ሰጪው ድርጅት በስልክ ማመልከት ያስፈልጋል። ድርጅቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ብሎ መሆኑን ወይዘሮ ፅዮን ከመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው ሰምተዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ከመደወሉ በፊት በአንድ ድምፅ ላይ እንዲስማማ ተጠየቀ።

አቶ ሓየሎም «ቋ ቋ» መሆኑን፣ በተለይ በረዶው ኮልፋክስ መንገድ ላይ የከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጥርስ እንደሚያፋጭ ገለጹ።

አቶ መልከጼዴቅ ድምፁ «ሲጥ» ብቻ እንደሆነ፣ እሱም የሚሰማው ጆሮውን አቁሞ ለሚፈልገው ሰው እንደሆነ፣ ቫኗን ሲያመጧት እንደ ቤተ መቅደስ ጸጥ ያለች እንደነበረች አስታውሰዋል። አክለውም አንዳንድ ሾፌር መኪናን እንደ ተሰረቀ ዕቃ እንደሚያባርር ጠቁመዋል። አቶ ሓየሎም፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። 

ሰብሳቢው «ድው» የሚል አማራጭ አቀረቡ። ወይዘሮ ፅዮን «ጓ» ነው አሉ። ሰብሳቢው እያንዳንዱ አቅራቢ ድምፁን በተግባር እንዲያሰማ ስላዘዙ፣ አራቱም አባላት በየተራ፣ ቀጥሎም አንዳቸው የሌላውን ስላልሰሙ በአንድነት አሰምተዋል። አንዲት የአፓርትመንቱ ነዋሪ ማድረቂያው ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ከማጠቢያው ክፍል ብቅ ብላ ተመልሳለች።

ድምፅ ሲሰጥ ወይዘሮ አበዛሽ እጃቸውን አወጡ። ድምፅ እንደሌላቸው ሲነገራቸው አወረዱ።

ውሳኔ 1፦ ድምፁ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ «ጓ» እንዲባል በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። አቶ መልከጼዴቅ «ጓ» ቢባልም በባሕርዩ «ሲጥ» መሆኑ በልዩነት እንዲያዝላቸው ጠይቀው ተይዟል።

አጀንዳ ሁለት፦ ለዋስትና ሰጪው ድርጅት ስለ መደወል

ወይዘሮ ፅዮን ደውለው ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሙዚቃ ተሰማ። ሙዚቃው ረጅም ስለነበር ሰብሳቢው ስብሰባው ከሙዚቃው በታች እንዲቀጥል ፈቀዱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አቶ መልከጼዴቅ ውሉን ማንበብ ጀመሩ፤ ወይዘሮ ፅዮን ያመጡት ዶናት የጾም ነው ወይስ የፍስክ በሚለውም ላይ ውይይት ተደርጎ፣ ውሳኔ ላይ ሳይደረስ ዶናቱ አልቋል።

ከዚያ ሚስተር ከርቲስ የሚባሉ ሰው ስልኩን አነሡ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ ፅዮን በውሳኔ 1 መሠረት «ጓ» አሉ። ሚስተር ከርቲስ እንዲደገምላቸው ጠየቁ፤ ተደገመላቸው። በኮምፒዩተራቸው ላይ «ክላንክ» ማለትም የብረት ግጭት፣ «ስኩዊክ» ማለትም ሲጥታ እና «ራትል» ማለትም መንኳኳት የሚሉ ብቻ እንዳሉ፣ «ጓ» እንደሌለ ገለጹ። ሰብሳቢው ወይዘሮ ፅዮን ከኮሚቴው ውሳኔ እንዳይወጡ አስጠነቀቁ። አቶ ሓየሎም ከወንበራቸው ተነሥተው «ክላንክ!» አሉ። አቶ መልከጼዴቅ «ስኩዊክ!» አሉ። ሚስተር ከርቲስ የመኪናዋ ባለቤት ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቁ።

አቶ ሓየሎም ትዕግሥታቸው በማለቁ ስልኩን ተቀብለው የተሰበረው ቴስቲና መሆኑን በቀጥታ አስረዱ። ለመዝገቡ ያህል፣ ቴስቲና ማለት ጎማው እንዲዞርና እንዲወርድ እንዲወጣ የሚይዘው ብረት ነው፤ አስመራም ሆነ አዲስ አበባ ያለ መካኒክ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን በአዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ አልተገኘም።

ሚስተር ከርቲስ ቲና ማን እንደሆነች፣ በውሉ ላይ እንደ ሾፌር ተመዝግባ እንደሆነ ጠየቁ።

ወይዘሮ ፅዮን ቲና የምትባል ሰው የለችም ሲሉ፣ አቶ ሓየሎም «አለች እንጂ! ከፊት በቀኝ በኩል ናት፤ ተሰብራለች!» በማለት በራሳቸው እንግሊዝኛ አስረዱ።

ሚስተር ከርቲስ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ በሌላ ክፍል እንደሚታይ ተናግረው ወደዚያ አስተላለፉን። ሙዚቃው እንደገና ተሰማ።

ውሳኔ 2፦ ቴስቲና የሚለው ቃል እንግሊዝኛው እስኪገኝ ድረስ በስልክ እንዳይነሣ ተከልክሏል።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሚስተር ከርቲስ ተመለሱ። የቲና ጉዳይ እንዳልነበረ በወይዘሮ ፅዮን አማካይነት ከተማመንን በኋላ የሚከተለውን ነገሩን፦ የድርጅቱ መርማሪ መጥቶ መኪናዋን ማየት አለበት፤ ወረፋው እስከ ሚያዝያ ሊቆይ ይችላል፤ እስከዚያ ከውጭ የመጣ መካኒክ ከነካት ዋስትናው ይፈርሳል።

አቶ ሓየሎም ከሃቫና መንገድ ጀርባ ጋራዥ ያለው ሚሊየን ቫኗን በግማሽ ቀን ሊሠራት ፈቃደኛ እንደሆነ አስታወሱ። አቶ መልከጼዴቅ ሚሊየን ክሪክ እንኳን ቢያስጠጋባት ዋራንቲው እንደሚሞት፣ ያንን ዋራንቲ ለማግኘት ሻጩ መብራት እስኪያጠፋባቸው ድረስ ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው እንደተከራከሩ፣ የለፉበትን ነገር ማንም ተነሥቶ በመፍቻ እንደማያፈርስባቸው በከፍተኛ ድምፅ ተናገሩ።

አቶ ሓየሎም፦ «እንግዲያውስ ዋራንቲህን አንተው ንዳው» በማለት ከሾፌርነት መልቀቃቸውን አስታወቁ። ሰብሳቢው መልቀቂያው በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠየቁ። ወረቀት የያዘችው ጸሐፊዋ ብቻ ስለሆነችና እሷም እየጻፈችበት ስለነበር፣ መልቀቂያው በይደር እንዲቆይ ተደርጓል።

ሚስተር ከርቲስ ይህን ሁሉ በስልክ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ድምፁን እዚያው ሆነው በጆሯቸው ቢሰሙት መርማሪው ቶሎ እንዲመጣ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ።

ውሳኔ 3፦ መርማሪው እስኪመጣ ሚሊየንም ሆነ ሌላ መካኒክ ቫኗን እንዳይነካ፤ ኮሚቴው አሁኑኑ ቫኗ ውስጥ ገብቶ፣ በግቢው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ እየሄደ ድምፁን በስልክ እንዲያሰማ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ ድምፁን ስለ ማሰማት

ሰብሳቢው ቫኗ ለጊዜው የአዳራሹ አካል እንደሆነች አወጁ። የተለመደው ጭነት መኖር አለበት ስለተባለ ወይዘሮ አበዛሽ ከማድረቂያው አጠገብ ተጠርተው በተለመደው ቦታቸው፣ በመካከለኛው ወንበር በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ሲሳፈሩ ጊዜ ስለወሰደባቸው ሁለት ሰው ደግፏቸዋል። አቶ ሓየሎም ያልጸደቀ መልቀቂያ ያለው ሾፌር ሆነው መሪውን ያዙ። ወይዘሮ ፅዮን ስልኩን ወደ ወለሉ አስጠግተው ያዙ። ጸሐፊዋ ከኋላ ስለተቀመጠች ከዚህ በታች ያለው ጽሕፈት ስለመወላገዱ ይቅርታ ትጠይቃለች።

የመጀመሪያው ጉብታ፦ ቫኗ ድምፅ አላሰማችም።

ሁለተኛው ጉብታ፦ አሁንም አላሰማችም። አቶ ሓየሎም «ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች» አሉ። አቶ መልከጼዴቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተናገሩት ይኸው እንደነበር በመግለጽ ሲጥ እንኳን እንዳላለች አሳሰቡ።

ሰብሳቢው ፍጥነት እንዲጨመር አዘዙ።

ሦስተኛው ጉብታ፦ ቫኗ ዝም አለች። ነገር ግን ከመካከለኛው ወንበር «ኧረ እግዚኦ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሚስተር ከርቲስ «እሱን ሰማሁት! የትኛው ክፍል ነው?» አሉ።

ወይዘሮ ፅዮን ተሳፋሪያችን ናቸው ብለው መለሱ።

ሚስተር ከርቲስ ተሳፋሪ በዋስትናው እንደማይሸፈን ገለጹ። ከመኪናዋ በኩል ምንም ድምፅ ስላልተሰማ ጉዳዩን መዝጋታቸውን፣ በሌላ የሚረዱን ነገር ካለ ለመርዳት ደስተኛ መሆናቸውን ነግረውን ስልኩን ዘጉ።

ቫኗ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ጓ አለች። ደገመችውም።

ወይዘሮ ፅዮን አቶ ሓየሎምን «አቁም!» አሏቸው። ቫኗ ቆመች። ወይዘሮ ፅዮን ስልኩን ጥለው ወደ ወይዘሮ አበዛሽ ዞሩና፣ በሥራ ቦታቸው እንደሚያደርጉት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እያሉ ይጠይቋቸው ጀመር። ሰብሳቢው ወይዘሮ አበዛሽ የመናገር መብት እንደሌላቸው አስታወሱ። ወይዘሮ ፅዮን ለሰብሳቢው የሰጡትን መልስ ጸሐፊዋ አልመዘገበችውም።

ወይዘሮ አበዛሽ ዳሌያቸውን በመኸር ወራት ኦፕራሲዮን የሆኑና በየሰኞው ፓርክ ሂል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ሐኪም ቤት የእንቅስቃሴ ሕክምና የታዘዘላቸው ናቸው። ቫኗ ስትገዛ ከሁሉ በፊት የታሰበው ለእሳቸው ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ግን «ድኛለሁ፣ እግዜር ይመስገን» ብለው መሄድ አቁመዋል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

እንዳልዳኑ አሁን ተናገሩ። ሰብሳቢው የተናገሩት እንዳለ እንዲጻፍ ስላዘዙ እንዲህ ተጽፏል፦

«መኪናዋ ጓ ስትል እኔ ዳሌ ውስጥ ነው የምትለው። እዚያ እስክደርስ ቆስዬ፣ ሐኪሟ ደግሞ ታሸኛለች፣ ተመልሼ ስመጣ እንደገና ያው ነው። ማታ መገላበጥ አቃተኝ። ስለዚህ ደውዬ ድኛለሁ አልኳቸው።»

ወይዘሮ ፅዮን ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገሩን ጠየቁ። ወይዘሮ አበዛሽ ወደ አቶ መልከጼዴቅ አዩ።

«ያመጣት ቀን ሪባን አስሮባት፣ ጥሩምባ እየነፋ ነው በሬ ላይ የቆመው። መጀመሪያ የተሳፈርኩባት እኔ ነኝ። በሩን ከፍቶ፣ እጄን ይዞ፣ እንደ ሙሽራ አስገባኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቆ አይቼው አላውቅም። ታዲያ ምን ብዬ ልናገር? የሱን ልብ ከምሰብር ዳሌዬ ይቻለው ብዬ ነው።»

ሰብሳቢው አስተያየት ያለው እንዳለ ጠየቁ።   ከኋላችን የመጣ መኪና በሩን ስለዘጋንበት ጥሩምባ ነፋ፤ አቶ ሓየሎም አልተንቀሳቀሱም።

አቶ መልከጼዴቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ ሳይዞሩ «እማማ፣ የሰኞው ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

ወይዘሮ አበዛሽ ቀጠሮውን እንደሰረዙት መለሱ። ወይዘሮ ፅዮን ሰኞ ሐኪም ቤቱ እንደተከፈተ ደውለው እንደሚያስመልሱት ተናገሩ።

አቶ መልከጼዴቅ ቀጥለው «ሓየሎም፣ ሚሊየን ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት አለ?» አሉ።

«እስኪመሽ አለ።»

«ንዳ።»

ሰብሳቢው ይህ የውሳኔ ሐሳብ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ መልከጼዴቅ አዎ አሉ። ሰብሳቢው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አንድ ውሳኔ በተወሰነበት ዕለት ሊሻር እንደማይችል አስገነዘቡ። አቶ መልከጼዴቅ፣ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ያረቀቀው የትኛው ደንቆሮ ነው ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጣ አቶ መልከጼዴቅ መሆናቸውን አረጋግጣለች። አቶ መልከጼዴቅ ደንቆሮነቱን ተቀብለው አንቀጹ እንዲታለፍ ጠየቁ። በሙሉ ድምፅ ታልፏል።

ወይዘሮ አበዛሽ በወይዘሮ ፅዮን መኪና፣ የደረቀውን ልብሳቸውን ይዘው፣ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። የቀሩት አባላት በቫኗ ወደ ሚሊየን ጋራዥ ተጓዙ። በመንገድ ላይ ስለ ድምፁ ስያሜ የተነጋገረ አልነበረም፤ ምንም እንኳን ቫኗ በየጉድጓዱ ብትናገርም።

የስብሰባው ማጠቃለያ ውሳኔ

ሚሊየን ኮሚቴው ከቫኗ እስኪወርድ አልጠበቀም። ክሪኩን አስገብቶ የፊቱን ቀኝ ጎን ማንሣት ጀመረ። ሰብሳቢው ሳይዘጋ ከተበተነ ስብሰባ ሕጋዊ ውጤት እንደማይገኝ ስለሚያምኑ አልወርድም አሉ። ስለዚህ የሚከተለው በዘመመ ወንበር ላይ ሆነው ያነበቡት ነው፦

ሀ. ድምፁ «ጓ» ይባል ተብሎ የተወሰነው ተሽሯል። ማንም የሰማውን ይበል።

ለ. ቴስቲና የሚለው ቃል በማናቸውም ስልክ ላይ ተፈቅዷል።

ሐ. መካኒክ እንዳይነካት የተወሰነው ተሽሯል፤ ዋስትናውም ይቅር። ይህ ሲነበብ ሚሊየን የአሮጌውን ቴስቲና ብሎን ፈትቶ ጨርሶ ነበር።

መ. የአቶ ሓየሎም መልቀቂያ በጽሑፍ ስላልቀረበ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። አቶ ሓየሎም ወረቀት ቢሰጣቸውም እንደማይጽፉት ገልጸዋል።

ሠ. ወይዘሮ አበዛሽ ድምፅም አስተያየትም እንዳይሰጡ የተወሰነው ተሽሯል። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጉዞው እንዴት እንደነበረ ይጠየቃሉ። «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም።

ረ. የዕለቱ ውሳኔዎች በሙሉ ስለተሻሩ፣ ኮሚቴው ዛሬ የወሰነው ነገር አለመኖሩ ወይዘሮ ፅዮንም በስልክ ድምፅ ሰጥተው፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስብሰባው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ አንድ ጎማው አየር ላይ እንዳለ፣ ተዘግቷል። ሰብሳቢው በሁለት ሰው ርዳታ ወርደዋል።

ከስብሰባው በኋላ የተጨመረ

ጸሐፊዋ ይህን በንጹሕ እየገለበጠች ሳለች የሚከተለው ደርሷታል። ወይዘሮ ፅዮን ሰኞ ጠዋት ደውለው ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቦታ አግኝተዋል። አቶ ሓየሎም ነድተዋል፤ አቶ መልከጼዴቅ ከሥራ ፈቃድ ወስደው አብረው ሄደዋል። ቫኗ በኮልፋክስ ጉድጓዶች ሁሉ ላይ አልፋ ምንም አላለችም።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አቶ መልከጼዴቅ በፊደል ተራ «ሠ» መሠረት ጉዞው እንዴት እንደነበረ ወይዘሮ አበዛሽን ጠይቀዋል። ወይዘሮ አበዛሽ ጥቂት አስበው፣ ዳሌያቸውን እንዳላመማቸው፣ ነገር ግን ሬዲዮው እንደሚጮኽ፣ መስኮቱ ነፋስ እንደሚያስገባ፣ ሓየሎም ወሬ እንደሚያበዛ፣ መልከጼዴቅም በሩን ሲዘጋ እንደሚያላትመው፣ ወንበሩም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀለሙን እንዳልወደዱት ተናግረዋል።

አቶ መልከጼዴቅ ሌላ ካለ እንዲጨምሩ ጠይቀዋቸዋል። ሲመለሱ እንደሚነግሯቸው ገልጸው ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ጸሐፊ፦ ወይዘሮ ሠርካዲስ